ፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ ማድረግ፣ ሳይጎዳ

ኦቨርክሎክ ማለት ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ ቤዝ ክሎኩ (መነሻ ፍጥነቱ) ብዙ ጊዜ 100 ሜጋኸርዝ ነው፣ መልቲፕላየሩ (የሚባዛበት ቁጥር) 42 ከሆነ 4.2 ጊጋኸርዝ ይሆናል። ድሮ መልቲፕላየሩ የተቆለፈ ሲሆን ሰው ባሱን (የያኔውን መነሻ ፍጥነት) ነበር የሚነካው፣ በ1998 የወጣው ሴሌሮን 300ኤ ባሱ ከ66 ወደ 100 ሲነሳለት 450 ሜጋኸርዝ ይገባ ነበር፣ ዝናው እስካሁን አለ። አሁን ኢንቴል ላይ ስሙ ኬ ያለበት ፕሮሰሰርና ዜድ ቺፕሴት (ስሙ በዜድ የሚጀምር የቦርድ ቺፕ) ያለው ማዘርቦርድ ያስፈልጋል፣ የኤኤምዲው ራይዘን ደሞ አብዛኛው ክፍት ነው፣ ቦርዱ ግን እንደ ኤ320 እና ኤ520 ከሆነ አይፈቅድም። ስለዚ ከቢሮ ወጥተው ያገለገሉ ተብለው የሚሸጡት ዴስክቶፖች አብዛኞቹ ዝግ ናቸው፣ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የቦርዱ ሴቲንግ) ውስጥ እየፈለጋችሁ አትድከሙ።

ሰው ሁሉ ጊጋኸርዙን ነው የሚያየው፣ ፕሮሰሰሩን የሚጎዳው ግን ቮልቴጁ ነው። የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በስኩዌር። 4.2 ጊጋ በ1.20 ቮልት የሚሠራውን 4.62 ጊጋ በ1.32 ቮልት ብታደርጉት ሁለቱም የጨመሩት 10 ፐርሰንት ነው፣ ኃይሉ ግን ወደ 33 ፐርሰንት ይጨምራል፣ ያ ሁሉ ደሞ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ከፍተኛ ቮልቴጅና ሙቀት አብረው ሲቆዩ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የብረት መስመሮች ቀስ እያሉ ይበሏቸዋል፣ አምና ያለችግር ይሠራ የነበረው ሴቲንግ ዘንድሮ ክራሽ ማድረግ ይጀምራል። ቮልቴጁን አውቶ ላይ አትተዉት የምለውም ለዚ ነው፣ ብዙ ቦርድ ከሚያስፈልገው በላይ ይሰጣል።

መጀመሪያ ፋይላችሁን ባክአፕ አድርጉ፣ ከዛ ምንም ሳትነኩ ሲነበንች (ፕሮሰሰሩን በሙሉ አቅሙ አሠርቶ የሚፈትን ፕሮግራም) አስነሱና ሙቀቱን እዩ፣ ገና በፋብሪካው ሴቲንግ 90 ዲግሪ ከነካ ኦቨርክሎኩን ተዉትና ኩለሩን አውርዳችሁ አቧራውን አራግፉ፣ በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መሃል የሚቀባውን ቴርማል ፔስት ቀይሩ (ከራይዘን 7000ዎቹ አንዳንዶቹ 95 ዲግሪ እንዲደርሱ ታስበው ስለተሠሩ እነሱ ይለያሉ)። አዲስ አበባ ያለ ሰው ደሞ ይሄን ያስብ፣ ከተማው ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ፋን በዛው ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል፣ የክፍሉ ሙቀት እኩል ቢሆን እንኳን ዩቲዩብ ላይ ያያችሁትን ቁጥር አትጠብቁ።

ከዛ መልቲፕላየሩን አንድ አንድ እየጨመራችሁ በየደረጃው ፈትኑ። አስር ደቂቃ ሳይወድቅ ሠራ ማለት አለቀ ማለት አይደለም፣ የሰርግ ቪዲዮ ሬንደር ላይ ጥሎ የተኛ ሰው ጠዋት ሰማያዊ ስክሪን የሚጠብቀው በዚ ነው፣ ስለዚ የመጨረሻውን ሴቲንግ በኦሲሲቲ ወይ በፕራይም95 (ሁለቱም መፈተኛ ፕሮግራሞች ናቸው) ለሰዓታት ፈትኑት። ክራሽ ካደረገ ቮልቴጅ ከመጨመር 100 ሜጋኸርዝ መቀነስ ይሻላል፣ ልዩነቱን በስራ ላይ አታዩትም። ጭራሽ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረም አትደንግጡ፣ ገመዱን ነቅላችሁ ቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥታችሁ መልሷት፣ ባዮሱ ወደነበረበት ይመለሳል።