ኮሎኝ፦ በእግር የምትታይ የራይን ዳር ከተማ

ጀርመኖቹ ኮልን ይሏታል። የኛ ሰው ስሟን ከራዲዮ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1965 የተጀመረው የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ክፍል፣ ጣቢያው በ2003 ወደ ቦን እስኪዛወር ድረስ ቤቱ እዚችው ከተማ ነበር።

ከዋናው ባቡር ጣቢያ ስትወጡ ካቴድራሉ አጠገባችሁ ነው። ቁመቱ 157 ሜትር ስለሆነ ጫፉን ለማየት አንገት እስኪያም ቀና ማለት ነው። ግንባታው በ1248 ተጀመረ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ቆመ፣ በ1842 እንደገና ተነሳና በ1880 አለቀ። ማማው ላይ ለመውጣት 533 ደረጃ አለ፣ ሊፍት የለም። ለኔ ግን ከከፍታው ይልቅ ልብ የሚነካው ውስጥ ያለው የወርቅ ሣጥን ነው። የሰብአ ሰገል ነው ተብሎ የሚታመነው አጽም በ1164 ከሚላን መጥቶ ያረፈው እዚያ ነው። በየገናው ታሪካቸውን እየሰማ ያደገ ሰው እዚያ ፊት ቆም ሳይል አያልፍም።

ከካቴድራሉ ጀርባ የሆኸንሶለርን ድልድይ አለ። ፍቅረኞች ስማቸውን ጽፈው የቆለፏቸው ቁልፎች አጥሩን ሸፍነውታል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ የዛገ፣ ሁሉም ላይ በላይ ተደራርቧል፣ ባቡርም በጎናችሁ እየጮኸ ያልፋል። ዝም ብላችሁ ተሻገሩ። ጥሩው ፎቶ ያለው ማዶ፣ ዶይትስ ላይ ነው፤ በተለይ አመሻሽ ላይ መብራቱ ሲበራ ወንዙ፣ ድልድዩና ካቴድራሉ አንድ ላይ ይታያሉ።

ገበያው ሆኸ ሽትራሰና ሺልደርጋሰ ላይ ነው። መኪና አይገባም፣ ቅዳሜ ደግሞ ሰው ለሰው ይጋፋል። እውነቱን ለመናገር ልብሱ በየትኛውም የአውሮፓ ከተማ የምታገኙት ነው። ከኮሎኝ መግዛት ያለባችሁ ሽቶውን ነው። ኮሎኝ የምንለው ሽቶ ስሙን ያገኘው ከዚች ከተማ ነው፤ በ1709 የተመሠረተው የፋሪና ቤት ዛሬም እዚያው አሮጌው ከተማ ውስጥ ይሸጣል። እጃችሁ ላይ ጠብ ሲል መጀመሪያ የሚመጣው የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ጠረን ነው። ልጆች ካሉ የቸኮሌት ሙዚየሙ ወንዙ ዳር ነው፣ ከቸኮሌት ምንጩ የተነከረ ብስኩት ይሰጧቸዋል።

ቢራው ኮልሽ ይባላል፣ በ2 መቶ ሚሊ ሊትር ቀጭን ብርጭቆ ነው የሚመጣው። ባዶ ሲሆን አስተናጋጁ ሳይጠይቅ ይተካዋል፤ በቃኝ ለማለት የብርጭቆውን ማስቀመጫ ካርቶን ከላይ ክደኑበት።

ደግሞ እሑድ ለገበያ አትምጡ፣ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው ማለት ይቻላል። የምትኖሩት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሆነ ከአንድ ሱቅ ከ50 ዩሮ በላይ ስትገዙ የታክስ ተመላሽ ፎርም ጠይቁ፣ ደረሰኙንም ያዙ። ከኅብረቱ በምትወጡበት ኤርፖርት ሻንጣችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ዕቃውን ለጉምሩክ አሳይታችሁ ማኅተም አስመቱ።