«ማሽን ካለ ፈጠራ አለ» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች፦ ለወሎ አምራች ድርጅቶች

«ማሽኑ ከተቀየረ ፈጠራው ራሱ ይመጣል»

አይመጣም። የድርጅት አስተዳደር ተመራማሪዎቹ ኮኸንና ሌቪንታል እ.ኤ.አ. በ1990 እንዳስረዱት፣ ድርጅት ከውጭ የመጣ እውቀትን የሚጠቀምበት ቀድሞ ቤቱ ባካበተው እውቀት ልክ ነው። ስለዚህ ተከላው ሲካሄድ ቢያንስ ሁለት የድርጅቱ ቴክኒሻኖች ከአቅራቢው ባለሙያ ጋር እጃቸውን ያስገቡ። አንድ ብቻ ከሆነ፣ ሥራ የለቀቀ ቀን እውቀቱን ይዞት ይሄዳል። ቀኑ፣ የተበላሸው ክፍል፣ መንስኤውና የተደረገው ጥገና የሚሰፍርበት መዝገብም ማሽኑ አጠገብ ይቀመጥ፤ ቢሮ ውስጥ የተቆለፈ መዝገብ የሌሊት ተረኛውን አይረዳውም።

«ሰርተፍኬት አምጥተዋል፣ ተምረናል»

የተማረው ለሥልጠና የተላከው ሰው ነው። በተመለሰ ሳምንት ውስጥ ለባልደረቦቹ በሥራ ላይ ካላሳየ፣ ከአሠራር መመሪያውም አንድ መስመር ካልተቀየረ፣ ድርጅቱ ምንም አልተማረም።

«ከአቅራቢ ጋር ያለን ጉዳይ ዋጋ ነው»

በእኛ እይታ ከሁሉ የሚጎዳው ይህ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ሌጦ የሚቀበል ቆዳ ፋብሪካን እንውሰድ። ሲገፈፍ ቢላዋ የነካው ሌጦ ደረጃው ይወርዳል። ከታረደ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ ከክብደቱ ሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆን ጨው ካልተነሰነሰበት ደግሞ በሙቀቱ መበስበስ ይጀምራል። በቅማልና በመሰል ተባዮች የሚመጣው እከክ የባሰ ነው፦ ፀጉር እያለ በቀላሉ አይታይም፣ ነጠብጣቡ የሚወጣው ፋብሪካ ገብቶ በኖራ ፀጉሩ ከተነቀለ በኋላ ነው።

እንግዲህ ጉድለቱን የሚያየው ፋብሪካው፣ ሊያስቀረው የሚችለው ግን ወረኢሉ ያለው በግ አርቢ ነው። መሃል ያለው ሰብሳቢ ነጋዴ በቁጥር ብቻ ከተከፈለው መልእክቱን የሚያደርስበት ምክንያት የለውም። መፍትሔው ርክክቡን ሁሉ በመለያ ቁጥር መያዝ፣ ጉድለቱን በዓይነቱ ቆጥሮ ለነጋዴው መንገርና በሌጦው የጥራት ደረጃ ልክ መክፈል ነው። አርቢው ዘንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይድረስ። የቅማል መድኃኒት ብዙውን ጊዜ እንቁላሉን ስለማይገድል ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ይደገማል፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ድጋሚ ነው።

«የምናምናቸው ደንበኞች ይበቁናል»

በወሎ ገበያ ቃል አክባሪነት ትልቅ ሀብት ነው፤ የታመነ ደንበኛ ችግሩን ሳይደብቅ ይነግራል፣ አብሮም መላ ይፈልጋል። ነገር ግን ተመራማሪው ብራያን ኡዚ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው የኒውዮርክ ልብስ ሰፊ ድርጅቶች ጥናት፣ ቅርብ ወዳጅነት የሚጠቅመው እስከተወሰነ ድረስ ሆኖ ተገኝቷል። ሁሉም የሚያውቀው አንድ ዓይነት ሲሆን አዲስ ወሬ የሚገባበት በር ይዘጋል። የቆዩትን ሳይለቁ፣ ከሌላ ከተማ ወይም ከሌላ ዘርፍ ለመጣ ገዢ ናሙና መላክና ካልተቀበለው ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቅ ይበጃል። ለነባሩ ደንበኛ የማይታየው ጉድለት ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

«ዩኒቨርሲቲ ከወረቀት አያልፍም»

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። «ችግር አለብን» ብሎ ለሚሄድ ድርጅት ግን መምህሩ ሊረዳው የሚችለው ጥቂት ነው። የሦስት ወር መዝገብ ይዞ፣ ከገባው ሌጦ ስንቱ በጭረት፣ ስንቱ በእከክ፣ ስንቱ በመበስበስ ደረጃው እንደወረደ የሚያሳይ ግን ለተማሪዎቹ የመመረቂያ ሥራ፣ ለራሱም መልስ የሚገኝለት ጥያቄ ይዞ ገብቷል።