በሌላው ሎሌ የምትፈርድ ማን ነህ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በጎጃም ገጠር በረዶ ወርዶ አዝመራ ሲመታ ወዲያው የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ «በዓል የሻረው ማን ነው?» ይባላል። በ12 የሚካኤል ዕለት ሞፈር ይዞ የታየ ሰው ይፈለጋል። ሰውየው ምናልባት በ5 አቦን ከሚያከብር፣ በ12 ግን እርሻ ከማይከለክል አጥቢያ የመጣ ነው። ይህን የሚጠይቀው የለም። ሰብሉ መጥፋቱ ሳያንስ አንድ ወንድም ከሰላምታና ከደቦ ይገለላል።

እሑድና የጌታችን 9 ዐበይት በዓላት የሁላችንም ሥርዓት ናቸው፤ በእነዚህ ላይ ክርክር የለንም። ከወር በዓላት የትኛው ከእርሻ እንደሚያሳርፍ ግን በየአጥቢያው ታቦትና በአባቶች ስእለት ይለያያል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ክርስቲያኖች በምዕራፍ 14 የጻፈው በዚህ ዓይነት ጠብ ላይ ነው። ከአይሁድ የመጡትና ከአሕዛብ የመጡት በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው በመብልና በቀን ይናናቁ ነበር። ሐዋርያው «እያንዳንዱ በገዛ አእምሮው አጥብቆ ይረዳ» አላቸው፤ ቀንን የሚያከብረውም ለጌታ ብሎ እንደሚያከብር አስተማረ። ከዚያ በፊት ደግሞ በቁጥር 4 «አንተ በሌላው ሎሌ የምትፈርድ ማን ነህ?» ሲል ጠይቋል። ሎሌው ቢቆምም ቢወድቅም ለገዛ ጌታው ነው።

በረዶውንስ ማን አመጣው ለሚል፣ ጌታችን በሉቃስ ወንጌል 13 ላይ መልሶታል። በሰሊሆም ግንብ ተንዶ የገደላቸው 18 ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሮ፣ የሰሚዎቹን ዓይን ወደ ራሳቸው ንስሐ መለሰ። አዝመራ ሲመታ የሚገባን እግዚኦታና ለተጎዳው ጎረቤት እህል ማዋጣት ነው።

ፍርድ እንዴት እንደሚሳሳት የሚያሳየን ግልጽ ታሪክ በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 አለ። ሐና በመቅደሱ ቆማ በልቧ ትጸልያለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ አይሰማም። ካህኑ ዔሊ አፏን ይመለከት ነበርና እንደ ሰከረች ቈጠራት። ዔሊ ዋዘኛ ሰው አልነበረም፤ በቤተ መቅደስ የኖረ አገልጋይ ነው። ዓይኑም አልዋሸውም፤ ከንፈሯ በእርግጥ ይንቀሳቀስ ነበር። ስሕተቱ የገባው ካየው ነገር ላይ ያላየውን ሲጨምር ነው። ብዙዎቻችን ታሪኩን በሐና ጸሎት እንጨርሰዋለን። ከዔሊም ግን የምንማረው አለ፤ እርስዋ «ልቧ ያዘነባት ሴት» መሆንዋን ስትነግረው አልተከራከረም፣ ክብሬ ተነካ አላለም፤ በዚያው ሰዓት «በደኅና ሂጂ» ብሎ መረቃት።

ኃጢአት በሐልዮ (በሐሳብ)፣ በነቢብ (በንግግር)፣ በገቢር (በተግባር) እንደሚፈጸም አባቶች አስተምረውናል። ፍርድም የሚያድገው በዚሁ መንገድ ነው፤ የሚያዘውም በየደረጃው ነው።

በሐልዮ ሳለ፣ ሐሳቡ እንደ መጣ ያየኸውን ከጨመርከው ለይ። ለምሳሌ በቅዳሴ ሰዓት አንዲት እኅት ከቤተ ክርስቲያኑ ሳትገባ ደጅ ቆማለች። ያየኸው ይህን ብቻ ነው። «ኃጢአት ቢኖርባት ነው» የሚለው የአንተ ጭማሪ ነው። የወር አበባዋ ሊሆን ይችላል፤ ወንድ ወልዳ 40 ቀን፣ ሴት ወልዳ 80 ቀን አልሞላት ይሆናል፤ ሕፃን ስታባብል ወጥታም ይሆናል። በጾምም እንዲሁ ነው። በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀን ሁሉም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቆይም፤ የስኳር ሕመምተኛው፣ ነፍሰ ጡሯና አጥቢዋ ከንስሐ አባታቸው ጋር የተነጋገሩት አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከሐሳቡ ጋር ሙግት ሲገጥም ነው። «ይሆን? አይሆን?» እያለ ሲያውጠነጥን ሐሳቡ ይሰፋል። ሙግቱን ትተህ ለዚያ ሰው አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገምለት፤ ከዚያም ወደ ቅዳሴህ ተመለስ።

በነቢብ የሚፈጸመው ፍርድ በብዛት የሚወጣው በቡና ላይ ነው። በአቦል የጤና ጥያቄ ነው፤ ቶና ሲደርስ የጎረቤት ስም ይነሣል፤ በረካ ላይ ፍርዱ ተሰጥቶ ያድራል። ስሙ የተነሣው ሰው ከሌለ «እሱ ራሱ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ ወሬውን ብዙ ጊዜ ያቆመዋል። ተናጋሪዋ ታላቅ ከሆነችና መገሠጽ የማይገባ ከሆነ፣ «እትዬ፣ እግዜር ይርዳት እንበል» ብሎ ሌላ ጨዋታ ማንሣት ነውር የለውም። ዝም ብሎ መስማት ግን መስማማት ይመስላል፤ ወሬውም በማግሥቱ «እነ እገሌ ባሉበት ተወራ» ተብሎ ይዞራል።

በገቢር የሚፈጸመው በአገራችን ሥር የሰደደ ነው፤ ስለዚህ በግልጽ እንናገረው። ማረሻውን ከቀጥቃጭ፣ ምጣዱን ከሸክላ ሠሪ፣ ጋቢውን ከሸማኔ እንወስዳለን፤ ሰዎቹን ግን «ቡዳ» ብለን በጽዋው አናስጠጋቸውም፣ ልጅ አንሰጣቸውም። ደንገል ቆርጠው ታንኳ የሚሠሩትን የጣና ዳር ወይጦዎችም እንንቃለን፤ በታንኳ ግን ስንት ምእመን ወደ ደሴት ገዳማት ተሻግሯል። እምነታቸው ከእኛ መለየቱ ለንቀታችን ፈቃድ አይሆንም። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ከአዋጁም በፊት እግዚአብሔር በዘጸአት 31 ባስልኤልን በመንፈሱ የሞላው በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ ነው። የናዝሬት ሰዎች ጌታችንን ያቃለሉበት ቃልም «ይህ ጸራቢው አይደለምን?» የሚል ነበር። «አልጠላቸውም» ማለት ብቻ እዚህ አይበቃም፤ በጽዋ ማኅበር ከጎን አስቀምጦ ከአንድ መሶብ መብላት፣ የእነርሱንም ዝክር ሄዶ መቅመስ ያስፈልጋል። ሐዋርያው በ1ኛ ቆሮንቶስ 10፥17 እንዳለው፣ ብዙዎች ስንሆን አንድ ሥጋ የሆንነው ከአንዱ እንጀራ ስለምንካፈል ነው። ከአንድ ሥጋ ወደሙ ተቀብሎ ወጥቶ በጠላ ዋንጫ መጸየፍ ለነፍስ የሚያስፈራ ነገር ነው።

ልዩነትን ከስሕተት ለይቶ ማክበር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዋሸራና ጎንጅ የተባሉት የቅኔ ቤቶች በቅኔ መንገዳቸው ይለያያሉ፤ ተማሪው ከአንዱ ቤት ተመርቆ ሌላውን ቤት ለመጨመር ይሄዳል እንጂ አንዱን ሐሰት አይለውም።

አለመፍረድ ግን ኃጢአትን ጽድቅ ማለት አይደለም። ጌታችን በዮሐንስ 7፥24 «ቅን ፍርድ ፍረዱ እንጂ በመልክ አትፍረዱ» ብሏል። ወንድምህ በእርግጥ ከበደለ በማቴዎስ 18፥15-17 መንገዱ ተቀምጧል፤ መጀመሪያ ብቻህን ከእርሱ ጋር ሆነህ፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምረህ፣ በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን። ሽምግልናችን በዚሁ መንገድ ሲሄድ ያምራል። የሚበላሸው ከመጨረሻው ስንጀምር፣ የሰውን ነውር አስቀድመን በሰንበቴ ላይ ስናወጣ ነው። በሕዝብ ፊት የተዋረደ ሰው ራሱን ይከላከላል፤ ምክሩን ሊሰማ የሚችልበት ጆሮ ይዘጋል። ስትሄድ ቀን ምረጥ፤ ተቆጥተህ ሳለ አትሂድ፤ የምታወቅሰውንም በዓይንህ ያየኸውን አንድ ነገር ብቻ አድርገው፤ የዱሮውን ሁሉ አትቁጠርበት።

ንስሐ አባት ፊት ስንቀርብ ስርቆትና ዝሙት እንናዘዛለን፤ ፍርድን ግን ብዙዎቻችን እንዘለዋለን። «ሰው አምቻለሁ» ብሎ በደፈናው ማለፍም ልማድ ሆኗል። ምን እንደ ፈረድክ፣ በስንት ሰው ፊት እንደ ተናገርክ፣ ያ ሰው በዚህ ምክንያት ምን እንደ ጎደለበት ለይተህ ንገር፤ ካህኑ ቀኖናውን የሚሰጠው በዚያ ልክ ነው። የተናገርከው ሐሰት ሆኖ ከተገኘ የሰሙትን አንድ በአንድ እየዞርክ «ያን ቀን ያልኩት ልክ አልነበረም» በላቸው። ሰውየው ወሬውን ሰምቶ ከሆነ ይቅርታ ጠይቀው። ካልሰማ ግን ከመንገርህ በፊት ንስሐ አባትህን አማክር፤ ሳያውቀው የኖረውን ስድብ በይቅርታ ስም ማሰማት አዲስ ቁስል ሊሆን ይችላልና።