የጠቆረ፣ የደፈረሰ፣ የኮመጠጠ፦ ስለ ቢራ ቅምሻ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ትንንሽ ቢራ ጠማቂዎች ታፕሩም አላቸው። ቢራው እዚያው ተጠምቆ ከቧንቧ የሚቀዳበት ቤት ማለት ነው። ከፈለጋችሁ አራት ዓይነት ቢራ በትንንሽ ብርጭቆ ተደርድሮ ይቀርብላችኋል። ዋሽንግተንና አካባቢው ያለ ሐበሻም ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ጎራ ይላል። ግን ብዙው የቢራዎቹ ዝርዝር የተጻፈበትን ሰሌዳ ሳያነብ «ቀለል ያለውን ስጠኝ» ብሎ ያልፋል። ይቆጨኛል፤ ጠላ የለመደ ምላስ ለእነዚህ ቢራዎች እንግዳ አይደለምና።

«ጥቁር ቢራ ኃይለኛ ነው።» ጥቁረቱ የሚመጣው ከብቅሉ አቆላል ነው። አልኮሉን በዋናነት የሚወስነው እርሾው የሚያገኘው ስኳር ነው። ጊነስ ድራፍት ያን ያህል ጠቁሮ 4.2 በመቶ ብቻ ነው። የቤልጂጉ ዱቬል ወርቅ መስሎ 8.5 በመቶ ይይዛል። ጥቁር ሆኖ ጠንካራ የሆነም አለ። ስለዚህ ቀለሙን ትታችሁ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የአልኮል መጠን እዩ።

«የደፈረሰ ከሆነ ተበላሽቷል።» አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው ቢራ ጠማቂ ፖርት ሲቲ የሚታወቅበት ኦፕቲማል ዊት የተባለው ቢራ ደፍረስ ያለ ነው። በቤልጂጎች ስልት የተሠራ የስንዴ ቢራ ነው። ድፍርሱ የስንዴው ፕሮቲንና የእርሾው ነው እንጂ የብልሽት ምልክት አይደለም። ደግሞ ምን እንደሚገባበት ታውቃላችሁ? የብርቱካን ልጣጭና ድምብላል! ያው በርበሬና ሽሮ ውስጥ የምናውቀው ድምብላል።

«ጭስ ጭስ የሚል ቢራ ተቃጥሏል።» እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም የምወደው ነገር ስለሆነ። የጀርመኗ ባምበርግ ከተማ በጭስ ቢራዋ ትታወቃለች። ሽሌንከርላን የመሰሉ ጠማቂዎች ብቅሉን የሚያደርቁት በእንጨት እሳት ላይ ነው፤ ጭሱ ብቅሉ ውስጥ ይገባል። ድሮ ብቅል በእሳት ጭስ ሲደርቅ ብዙ ቢራ እንዲህ ይሸት ነበር። ጭሱን የሚለይ ምድጃ ሲመጣ ጠረኑ ከአብዛኛው ቢራ ጠፋ። እኛ ዘንድስ? ጋኑ በወይራ ወይም በጥንጁት ካልታጠነ ምኑን ጠላ ሆነ! እነሱ ብቅሉን ያጥናሉ፣ እኛ ጋኑን እናጥናለን። የመጀመሪያው ጉንጭ ሊያስደነግጥ ይችላል። ሁለት ሦስቴ ሳትጎነጩ አትፍረዱ።

መራራው ቢራም ቢሆን ያን ያህል አያስፈራም። ጌሾ ለጠላ የሚሰጠውን ምሬት ለቢራ የሚሰጠው ሆፕስ የሚባል ተክል ነው። ሆፕስ ከምሬቱ ሌላ የአበባና የፍራፍሬ መዓዛም አለው። ከመጠጣታችሁ በፊት አሽትቱት።

«የኮመጠጠ ቢራ ይደፋል።» የጠላ ቤት ልማዳችን እንዲህ ያስብለናል፤ እውነትም ሳይታሰብ የኮመጠጠ ቢራ ተበላሽቷል። ግን ሆን ተብሎ የሚኮመጥጥም አለ። ብራሰልስ አካባቢ ላምቢክ የሚባለውን ቢራ ሌሊቱን ክፍት በሆነ ሰፊ ገንዳ ያቀዘቅዙታል። ከአየሩ የገባው የዱር እርሾና ባክቴሪያ በእንጨት በርሜል ውስጥ ቀስ ብሎ ያበስለዋል፤ አንዳንዱ ዓመታት ይቆያል።

«አረፋ ማጭበርበሪያ ነው።» ግማሹ አረፋ የሆነ ጃምቦ ቢመጣላችሁ ማማረራችሁ ተገቢ ነው። ሁለት ጣት ያህል አረፋ ግን ያስፈልጋል፤ መዓዛውን የሚያወጣው እሱ ነው። ይልቅ የብርጭቆው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ አረፋዎች ካያችሁ ብርጭቆው በደንብ አልታጠበም። ያለ ኀፍረት ሌላ ጠይቁ።

«ቢራ እንደ በረዶ ካልቀዘቀዘ ቢራ አይደለም» የሚለውም ለቅምሻ አይሠራም። ብርድ ምላስን ያደነዝዛል። በተለይ ጥቁሩን ትንሽ አቆዩት፤ የቡናና የቸኮሌት ጣዕሙ ያኔ ነው የሚወጣው።

ከሁሉ አሳሳቢው «ትንሽ ብርጭቆ ስለሆነ አያሰክርም» የሚለው ነው። አራት ባለ 120 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ 480 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ሁሉም 9 በመቶ ከሆኑ፣ ከሁለት ተኩል ጠርሙስ በላይ የተለመደ ቢራ ጠጣችሁ ማለት ነው፤ ባለ 330 ሚሊ ሊትሩንና 5 በመቶውን ማለቴ ነው። ስለዚህ ከቀላሉ ጀምሩ፤ መራራውን፣ ጭሳማውንና ጠንካራውን ወደ መጨረሻ አድርጉ። በመሃል ውኃ ጠጡ። ሆዳችሁ ባዶ አይሁን። የመኪናው ቁልፍ ደግሞ ከመጀመሪያው ብርጭቆ በፊት ለማይጠጣው ሰው ይሰጥ።