«መኪና መፍታት ምን ያደርግልሃል?» ስለ ፎርሙላ ኤስኤኢ ክለብ በስህተት የሚወሩ ነገሮች

አሜሪካ ኮሌጅ የገባ የሐበሻ ልጅ «የመኪና ክለብ ገባሁ» ብሎ ቤት ሲናገር ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። እናቴ «ያ ሁሉ ብር የሚከፈለው ለዚህ ነው?» አለችኝ። አልፈርድባትም፤ ምን እንደሆነ የነገራት አልነበረም።

ክለቡ ፎርሙላ ኤስኤኢ ይባላል። ተማሪዎች አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ የውድድር መኪና ራሳቸው ነድፈው፣ ራሳቸው ሠርተው ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ይወዳደራሉ። ከጀርባው ያለው በ1905 የተመሠረተው የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር (ኤስኤኢ) ነው። የመጀመሪያው ውድድር የተካሄደው በ1981 ኦስቲን፣ ቴክሳስ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«በፍጥነት የነዳ ያሸንፋል»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጠቅላላ ነጥቡ 1,000 ነው። ከዚያ ውስጥ 325ቱ የሚሰጠው መኪናዋ ቆማ ነው፤ 150 ለዲዛይን፣ 100 ለወጪ፣ 75 መኪናዋን እንደ ንግድ ሐሳብ ለማቅረብ። ዳኞቹ ኢንዱስትሪው ውስጥ የሚሠሩ መሐንዲሶች ናቸው። «ይቺን ብረት ለምን ይሄን ያህል አወፈራችኋት?» ይላሉ። «ያለፈው ዓመት ቡድን እንዲህ ስላደረገ» ካልክ አለቀልህ። ስሌትህን ማሳየት አለብህ።

ከሚነዳበት ክፍል ደግሞ ትልቁ ነጥብ፣ 275ቱ፣ የጽናት ፈተናው ነው። 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል፤ መሃል ላይ ሹፌር ይቀየራል። ዓመት ሙሉ የተለፋባት መኪና በአንዲት የላላች ሽቦ ምክንያት ቀጥ ስትል ማየት ያማል። ብዙ ቡድን አይጨርሰውም።

«መካኒክ ካልሆንክ አትገባም»

እኔ ስገባ የ10 ቁጥር ኪያቤ ከ12 ቁጥር አልለይም ነበር። ብየዳውን እዚያው ተማርኩ። የወጪውን ሥራ የያዘችልን የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነበረች። እያንዳንዷ ብሎን በዋጋዋ ትመዘገባለች፤ ዳኞቹ ፊት ቆማ የመለሰችውም እሷ ነች። መንጃ ፈቃድ እንኳን አልነበራትም።

«ልጆች የሠሩት መኪና አደገኛ ነው»

ይሄ የወላጆች ፍርሃት ነው፤ ተገቢም ነው። ግን መኪናዋ ትራክ ላይ ከመውጣቷ በፊት ስንት ፈተና እንዳለ ብታዩ! 60 ዲግሪ በጎን ታዘነብላለች። አንድ ጠብታ ፈሳሽ ከወጣት ተመለሽ ትባላለች። ሹፌሩ ቀበቶውን ፈትቶ በ5 ሴኮንድ ውስጥ መውጣት አለበት። ፍሬን ሲያዝ ደግሞ አራቱም ጎማ ቀጥ ማለት አለበት።

እኛ የኋላ ጎማዎቹ አልያዝ አሉን። የፍሬኑ ዘይት በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ አየር ገብቷል። ዘይት አይጨመቅም፣ አየር ግን ይጨመቃል፤ ስለዚህ የእግርህ ጉልበት ጎማው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ጓደኛዬ ፔዳሉን ይረግጣል። እኔ መሬት ላይ ተኝቼ ፍሬኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ሩብ ዙር እከፍታለሁ። ዘይቱ በቀጭን ላስቲክ ወደ ጠርሙስ ይወርዳል፣ አረፋ ይዞ። እዘጋለሁ። «ልቀቅ!» እንደገና «ርገጥ!» አረፋው ሲጠፋ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። በማግስቱ አራቱም ጎማ እኩል ቀጥ ሲል የተጯጯህነውን አልረሳውም።

«ትምህርት ያበላሻል»

እውነት አለበት። ጊዜ ይበላል። እኔም አንድ ሴሚስተር ውጤቴ ወርዶብኛል። ስለዚህ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሰጡ መጀመሪያውኑ ወስናችሁ ግቡ። ግን ለልምምድ ሥራ ቃለ መጠይቅ ስሄድ ስለ ውጤቴ የቀረበልኝ አንድ ጥያቄ ነው። ስለዚያ ፍሬን ግን ግማሽ ሰዓት አወራን።

«ኤሌክትሪክ መጣ፣ የዚህ ነገር ጊዜው አለፈ»

እንዲያውም ብሶበታል። አሜሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምድብ ከ2013 ጀምሮ አለ። በመስከረም 2023 የስዊዘርላንድ ተማሪዎች በሠሯት 140 ኪሎ ገደማ የምትመዝን የኤሌክትሪክ መኪና ከዜሮ ተነስተው 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት የደረሱት በ0.956 ሴኮንድ ነው። ያውም በ12.3 ሜትር ርቀት ውስጥ! አገር ቤት ደግሞ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት መከልከሉን አሳውቋል። ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር የሚያውቅ ሰው እዚያ ምን ያህል እንደሚፈለግ አስቡት። ክለቡ ውስጥ ባትሪውን የሚገጣጥሙት የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው።

ኮሌጅ የምትጀምሩ ከሆነ የሜካኒካል ምህንድስና ዲፓርትመንቱን ጠይቁ፣ ወርክሾፑን ያሳዩዋችኋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሂዱ፣ ያኔ ሥራው ገና ወረቀትና ኮምፒውተር ላይ ነው። እንዲበላሽባችሁ የማትፈልጉትን ልብስ አትልበሱ።