የፖም ፍሪተር በቤት ውስጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የፖም ፍሪተር የተከተፈ ፖም በወፍራም ሊጥ ተለውሶ፣ በማንኪያ እየተጨለፈ በዘይት የሚጠበስ ጣፋጭ ነው። ቤት ውስጥ ሲሠራ የሚሰማው ቅሬታ ሁለት ነው፦ ወይ ዘይት ጠጥቶ ይወጣል፣ ወይ ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። አብዛኛው ሰው በዘይቱ ያሳብባል። ችግሩ ግን በብዛት የሚመጣው ከውሃ ነው፤ ፖሙና ሊጡ ከያዙት ውሃ፣ ያም ውሃ እንፋሎት ሆኖ ከሚወጣበት ፍጥነት።

ከታች የምንጠቅሰው ሁሉ ይህን መጠን መነሻ ያደርጋል፦ 200 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ፣ 1 እንቁላል፣ 120 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ቅመም የሌለው ቅቤ፣ እንዲሁም ተልጦና ተከትፎ 250 ግራም የሚመዝን ፖም። 13 ያህል ፍሪተር ይወጣዋል።

«ሊጡ እንደ ቦንቦሊኖ በእርሾ መቦካት አለበት»

በአሜሪካ የዶናት ቤቶች የሚሸጠው ትልቁ ፍሪተር በእርግጥ ከእርሾ ሊጥ ነው የሚሠራው። ሊጡ ከበሰለ ፖም ጋር ተከትፎ መልሶ ይጠቀጠቅና ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። የቤቱ ፍሪተር ሌላ ዓይነት ነው፤ በቤኪንግ ፓውደር ይነፋል፣ ከመክተፍ እስከ መብላት አንድ ሰዓት አይፈጅም። ጀርመኖች ደግሞ ፖሙን በቀለበት ቆርጠው ቀጠን ያለ ሊጥ ውስጥ እየነከሩ ይጠብሳሉ። አንዱ የሌላው ማሻሻያ አይደለም፤ የአንዱን መመሪያ ከሌላው ጋር መቀላቀል ግን ያበላሻል።

«መጠበሱ ካልቀረ የትኛውም ፖም ይሆናል»

አይሆንም። ሬድ ዴሊሸስን የመሰለ ልስልስ ቀይ ፖም ሲሞቅ ይፈርሳል፤ የያዘውን ውሃ በሊጡ ውስጥ ይለቅና ዙሪያውን ጥሬ ያስመስለዋል። የሚመረጠው ሲነከስ ቀጭ የሚል፣ ጎምዘዝ ያለ ፖም ነው። አረንጓዴው ግራኒ ስሚዝ ለዚህ ተመራጭ ነው። ከጨንቻ የመጣም ይሁን ከውጭ የገባ፣ ሲገዙ ጫን አድርገው ይፈትሹት፤ ጣት ከገባበት ለጭማቂ ይሁን።

የአከታተፉ መጠን ከዓይነቱ አያንስም። 1 ሴንቲ ሜትር በ1 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከዚያ ከተለቀ ሊጡ በሚበስልበት ደቂቃ ፖሙ አይደርስም፤ ከተፈቀፈቀ ደግሞ ወዲያው ውሃውን ይለቃል። ቆርጠው ያስቀመጡት ፖም ቢጠቁር አይስጉ፤ አየር ስላገኘው እንጂ ተበላሽቶ አይደለም፣ ከቀረፋው ጋር አይታይም። ለሚያስጨንቀው ሰው 1 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይበቃል።

«ፖሙ ቀድሞ በስኳር ቢታሽ ይጣፍጣል»

ስኳር ከፖሙ ውሃ ይስባል። ግማሽ ሰዓት ከቆየ ሳህኑ ግርጌ ጭማቂ ይጠራቀማል፤ ያ ጭማቂ ሊጡ ውስጥ ሲገባ ወፍራሙ ሊጥ ቀጥኖ ዘይቱ ውስጥ ይበተናል። ፖሙን በደረቁ፣ ዘይቱ ከጋለ በኋላ መጨረሻ ላይ ሊጡ ውስጥ ያስገቡት። ቀድሞ በስኳር ከታሸ ደግሞ አጥልለው ጭማቂውን ለብቻው አፍልተው ያወፍሩት፤ ለላዩ ማፍሰሻ ግሩም ነው።

ሊጡ ላይ ስኳር መጨመርም እንዲሁ አይጠቅምም። ከ2 የሾርባ ማንኪያ በላይ ሲሆን ላዩን ቶሎ ያጠቁራል፣ የሚጠጣውንም ዘይት ይጨምራል። ጣፋጭነቱን ከተጠበሰ በኋላ ከላይ ይስጡት። የቀረፋና የስኳር ድብልቅ ትኩስ ሳለ ነው የሚይዘው፤ የላመ ነጭ ስኳር ግን እንፋሎቱ ካልበረደ ቀልጦ ይጠፋል፣ ስለዚህ 5 ደቂቃ ይታገሡ።

«ሊጡ ጉብታ እስኪያጣ መመታት አለበት»

ዱቄቱና ፈሳሹ በተገናኙ ጊዜ መምታት ሲበዛ ሊጡ ይለጠጣል፣ ፍሪተሩም እንደ ዳቦ ይጠነክራል። ደረቁን ለብቻ፣ እርጥቡን ለብቻ አዘጋጅተው ከ12 እስከ 15 ጊዜ ብቻ በማንኪያ ይገልብጡት። ጥቃቅን ጉብታ ቢቀር 10 ደቂቃ ሲያርፍ ዱቄቱ ፈሳሹን ስለሚጠጣ ይሟሟል። ትክክለኛው ውፍረት ማንኪያው ሲዘቀዘቅ ቀስ ብሎ በአንድነት የሚወርድ ነው። እንደ እንጀራ ሊጥ ከፈሰሰ 1 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ይጨምሩ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ግን አያቆዩት፤ ቤኪንግ ፓውደሩ ጉልበቱን ይጨርሳል።

«ቤኪንግ ፓውደር ሲበዛ ይነፋል»

ይነፋል፣ ከዚያ ይሟሽሻል። የተከፈቱት ቀዳዳዎችም ዘይት ይሞላባቸዋል፣ ጣዕሙም ይመርራል። ከላይ የተሰጠው 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ለባሕር ጠለል አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ጋዙ ይበልጥ ይለጠጣል፤ 1 የሻይ ማንኪያ ከበቂ በላይ ነው። ቤኪንግ ሶዳ ምትኩ አይደለም፦ እርጎን የመሰለ ጎምዛዛ ነገር ከሌለ አይሠራም፣ ጉልበቱም 3 እጥፍ ገደማ ነው። በወተቱ ፈንታ እርጎ ከገባ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ይበቃል።

«ዘይቱ ካላጨሰ አልጋለም»

ብዙ ሳህን ያስጣለው ይህ ነው። የተጣራ የሱፍ ዘይት ሲያጨስ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፏል፤ ፍሪተር የሚፈልገው ከዚያ በጣም ያንሳል። በዱባይ ወይም በቴል አቪቭ፣ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ሳይባል፣ 175 ዲግሪ ጥሩ ነው። በኢንተርኔት የሚገኙት መመሪያዎችም አብዛኞቹ ለእንደዚህ ያለ ቦታ የተጻፉ ናቸው። ደጋ ላይ ቃል በቃል ሲከተሏቸው ፍሪተሩ ላዩ ይጠቁራል፣ ውስጡ ይቀራል፣ ጥፋቱም በሠሪው ይላከካል።

ምክንያቱ እነሆ። በሚጠበስ ሊጥ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ የውስጡ ሙቀት ውሃ ከሚፈላበት አያልፍም። ባሕር ዳርቻ ያ 100 ዲግሪ ነው፤ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ 92 አካባቢ። ስለዚህ ውስጡ በዝግታ ይበስላል፤ ላዩን የሚያጠቁረው ዘይት ግን ከፍታ አያውቅም። መፍትሔው ዘይቱን ማብረድና ጊዜ መስጠት ነው፦ ለየ300 ሜትሩ 1 ተኩል ዲግሪ ገደማ ይቀንሱ። አዲስ አበባ ላይ ከ160 እስከ 165 ይሆናል፤ በባሕር ጠለል በእያንዳንዱ ጎን 2 ደቂቃ የሚፈልገው ፍሪተርም ወደ 3 ደቂቃ ይጠጋል።

ቴርሞሜትር ከሌለ የእንጨት ማንኪያ እጀታ ዘይቱ ውስጥ ይንከሩ፤ ዙሪያውን ጥቃቅን አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ ደርሷል። ከዚያ በጠብታ ሊጥ ያረጋግጡ። ታች ሄዶ ከተቀመጠ ገና ነው፤ ወርዶ በ2 ወይም በ3 ሰከንድ ከተመለሰ ይጀምሩ፤ ወዲያው ከጠቆረ ድስቱን ከእሳት ያንሱት። ፍሪተር በገባ ቁጥር ዘይቱ ስለሚቀዘቅዝ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ድስት ውስጥ ከ3 በላይ አያስገቡ፤ ከዙር ወደ ዙርም 1 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ።

«ትንሽ ዘይት ከሆነ ትንሽ ይጠጣል»

ፍሪተሩ ዘይቱ ውስጥ ሳለ የሚንጫጫው አረፋ ከሊጡ የሚወጣ እንፋሎት ነው፤ ወደ ውጭ ስለሚገፋ ዘይቱን አያስገባም። አብዛኛው ዘይት የሚገባው ከወጣ በኋላ ነው፤ እንፋሎቱ ሲበርድ ውስጡ ይሳሳና ላዩ ላይ የቀረውን ዘይት ይስበዋል። ስለዚህ የሚጠቅመው ሲወጣ በጭልፋ ማራገፍ፣ ወዲያውም ማጥለል ነው። ድስት ውስጥ ዘይት መቆጠብ ግን ተቃራኒውን ያመጣል፤ ጥቂት ዘይት ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ እንፋሎቱ ይደክማል፣ ፍሪተሩም ብዙ ይቆያል። ለ20 ሴንቲ ሜትር ድስት 1 ሊትር፣ ይኸውም 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ዝቅተኛው ነው። ድስቱ ግን ከግማሽ በላይ አይሞላ። የሚረጋው ዘይት ይጠብሳል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ላዩ ላይ እንደ ሻማ ይቀራል። ያልተጣራ የኑግ ዘይት ሽታው ፖሙን ያሸንፈዋል።

«ውስጡ ጥሬ ከሆነ እሳት አንሶታል»

በብዛት ፍሪተሩ ወፍሮ ነው። 2 የሾርባ ማንኪያ ሊጥ በቂ ነው፤ ሲያስገቡት በማንኪያው ጀርባ ረገጥ አድርገው ውፍረቱን ከ2 ሴንቲ ሜትር ያሳንሱት። ኳስ አድርጎ ማስገባት ፎቶ ላይ ያምራል እንጂ መሐሉ አይደርስም። የመጀመሪያውን ሁልጊዜ ከፍተው ይዩት፤ ሌሎቹ በእሱ ይስተካከላሉ።

«ትኩስ እንዲቆይ ሶፍት ላይ አድርጎ መክደን»

ሶፍት ዘይት ይስባል፤ ከሥር ግን እንፋሎቱን አፍኖ ያረጥባል፣ ክዳኑ ደግሞ ከላይ ይጨምርበታል። ግማሽ ደቂቃ ሶፍት ላይ፣ ከዚያ ሽቦ መደርደሪያ ላይ፣ ሳይደራረብ። ኦቨን ያለው ሰው 100 ዲግሪ ላይ ፍሪተሩን ሳይከድን ያቆየው።

«ለጾም አይሆንም»

ይሆናል፣ እንዲያውም ይቀላል። እንቁላሉ፣ ወተቱና ቅቤው ይወጡና 160 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ እና 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይገባሉ። ጋዙ ስለሚያመልጥ ይህኛው ሊጥ አያርፍም፤ እንደተለወሰ ይጠበሳል። ወተትና እንቁላል ስለሌሉበት ቀለሙ ፈዘዝ ይላል፤ እንዲቀላ ብለው ከጠበቁ ይደርቃል። ሰዓቱን ይመኑ።

«ዘይት ቢቃጠል ውሃ መድፋት»

በፍጹም! ውሃው ወዲያው እንፋሎት ሆኖ የሚነደውን ዘይት በየቦታው ይረጨዋል። ምድጃውን ያጥፉ፣ ድስቱን በክዳን ይግጠሙት፣ እስኪቀዘቅዝ አይክፈቱት፣ አያንቀሳቅሱትም።

«የተጠበሰበት ዘይት ይጣላል»

ገና ትኩስ ሳለ መነካካት አይገባም። ሲቀዘቅዝ በጨርቅ አጥልለው ጨለማ ቦታ ካስቀመጡት ሌላ 2 ጊዜ ይጠብሳል። የሊጥና የስኳር ፍርፋሪ ካልተለየ ግን ቶሎ ያጠቁረዋል። ሲሞቅ አረፋ የሚያበዛ፣ የሚያጣብቅ ወይም ሽታው የተለወጠ ዘይት ዕድሜው አልቋል። ማጠቢያ ውስጥ ከተደፋ ቧንቧ ይደፍናል፤ በተከደነ ጠርሙስ ከቆሻሻው ጋር ይውጣ።