የመታሰቢያ ሳንቲም ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ከየአቅጣጫው ይደርሰኛል። አንድ ሰው የኢጣሊያን 1 ዩሮ መዳፉ ላይ አስቀምጦ «ይህ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የመታሰቢያ ሳንቲም ነው፤ እጃችሁ ላይ ካለ በሺዎች ይሸጣል» ይላል። ሮም በሰው ቤት የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ቪዲዮውን አይታ ቦርሳዋን ገለበጠች። አራት አገኘች። ስትደውልልኝ ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ተስፋ አልረሳውም። ሳንቲም መሰብሰብ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ እንደዚያ ቀን መልስ መስጠት የከበደኝ ግን የለም።

ሰውዬው ያሳየው የመታሰቢያ ሳንቲም አይደለም። በክብና በካሬ ውስጥ እጅ እግሩን ዘርግቶ የቆመው ሰው የሊዮናርዶ ሥዕል መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ይህ የኢጣሊያ መደበኛ 1 ዩሮ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ሰው ዳቦ ሲገዛበት የኖረ ገንዘብ። መደበኛው 2 ዩሮ ላይም ራፋኤል የሣለው የገጣሚው የዳንቴ መልክ አለ። 10 ሳንቲሙ ላይ የቦቲቼሊ ቬነስ አለች። የሠዓሊ ሥራ ገንዘብ ላይ ስለወጣ ብቻ መታሰቢያ አይባልም።

ትክክለኛው የሊዮናርዶ መታሰቢያ ሌላ ነው። ሊዮናርዶ ፈረንሳይ፣ አምቧዝ ውስጥ ያረፈው በ1519 ነው። 500ኛ ዓመቱን ለማሰብ ኢጣሊያ በ2019 ባለ 2 ዩሮ አወጣች። ሊዮናርዶ የሣላት፣ ነጭ ትንሽ አውሬ ያቀፈች ወጣት አለችበት። ሥዕሉ ራሱ የሚገኘው ዩሮ በማትጠቀመው ፖላንድ፣ ክራኮቭ ከተማ ነው። ከሴትዮዋ ጎን «ሊዮናርዶ» የሚል ጽሑፍ በላቲን ፊደል፣ 1519 እና 2019 የሚሉት ዓመቶች፣ የሮምን ማተሚያ ቤት የሚያመለክት አንድ ፊደልም አሉ። ገልብጡት። ካርታውና ትልቁ 2 ቁጥር እንደማንኛውም 2 ዩሮ ናቸው። ክብደቱም ያው 8.5 ግራም፣ ስፋቱም ያው 25.75 ሚሊሜትር።

እኔ ሁልጊዜ በነጠላ ነው የማስረዳው። ነጠላ ድርና ማጉ አንድ ሆኖ ጥለቱ ይለያያል። ለጥምቀት አዲስ ጥለት ቢወጣ ነጠላው ነጠላነቱን አይለቅም። የመታሰቢያ 2 ዩሮም ጥለቱ የተቀየረ 2 ዩሮ ነው። በመላው የዩሮ ቀጠና ይሠራል፤ ዋጋውም 2 ዩሮ ነው። የ2019ኙ ሊዮናርዶ ደግሞ ወደ 3 ሚሊዮን ገደማ ታትሟል። ሦስት ሚሊዮን ሰው የለበሰውን ጥለት ማን በሺዎች ይገዛል?

ስህተቱ ከቃሉም የሚመጣ ይመስለኛል። እኛ «ለመታሰቢያ» ስንል ብዙ ጊዜ ለማስታወሻ የሚቀመጥ ስጦታ ማለታችን ነው። እዚህ ግን የሚታሰበው ሳንቲሙ ላይ ያለው ሰው ነው። ሳንቲሙ እንዲቀመጥ አልተሠራም፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እንዲያስታውስ እንጂ።

ከቪዲዮው ሥር «1519 ተብሎ ተጽፎበታልኮ፣ የ500 ዓመት ሳንቲም ነው» የሚሉም አየሁ። ሳንቲም ላይ ያለ ዓመት ሁሉ የታተመበት ዓመት አይደለም። ይህን ከእኛ በላይ ማን ሊያውቅ ይገባል? አገራችን ውስጥ በብዛት የምናውቀው ማርትሬዛ ጠገራ 1780 ይላል። እሱ መልኳ ያለበት የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ቁጥር ከዚያ በኋላም ሲታተም ኖሯል፤ በ1930ዎቹ ሮም ውስጥ ሳይቀር። አያቶቻችን ያስቀመጡት ጠገራ እንግዲህ ከራሳቸው ዕድሜ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ሰውዬው ሲሞገት «የሞናኮዋ ግሬስ ኬሊስ?» ብሎ መለሰ። ልክ ነው፤ ሞናኮ ልዕልቷን ግሬስ ኬሊን ለማሰብ በ2007 ያወጣችው 2 ዩሮ በሺዎች ይሸጣል። የታተመው ግን 20,001 ብቻ ነው። ሸማኔው ጥቂት ብቻ ሠርቶ ያቆመው ጥለት ነው እሱ። ሳን ማሪኖና ቫቲካንም እንደ ሊዮናርዶ ስላሉ የአውሮፓ ህዳሴ ዘመን ሠዓሊዎች የሚያወጧቸው 2 ዩሮዎች ከኢጣሊያ ይልቅ በቁጥር ያንሳሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም በማሸጊያ ለሰብሳቢ ነው የሚሸጡት። ቡና ቤት በመልስ መልክ አይደርሷችሁም።

ሌላም አለ። ለሰብሳቢዎች ብቻ የሚወጡ የብር ባለ 5 እና ባለ 10 ዩሮዎች ነጠላ ሳይሆኑ ካባ ናቸው፤ በገንዘብነት የሚታወቁት ባወጣቸው አገር ብቻ ነው። የኢጣሊያውን ይዛችሁ ፓሪስ ሱቅ ብትገቡ አይቀበሏችሁም። ሜዳልያ ደግሞ ከነጭራሹ ገንዘብ አይደለም። የሰው መልክ ያለበትን የመታሰቢያ ሜዳልያ ያስፋፋው ፒሳኔሎ የሚባል የህዳሴ ዘመን ኢጣሊያዊ ሠዓሊ ነው፤ በ1438 ገደማ የቁስጥንጥንያውን ንጉሥ ዮሐንስ 8ኛን መልክ በነሐስ ሠርቷል። እቃ አይገዛም፤ ግን የእሱ እጅ የሠራው ቢገኝ ከሳንቲሙ ሁሉ ይበልጣል።

ያልተጠየቅኩትን ልጨምር፦ አታጥቡት። ለአክስቴ ልጅ ይህን ስነግራት ዘግይቼ ነበር። አራቱንም በሎሚና በአመድ ፈትጋ አብርታቸዋለች። እነዚያ ተራ 1 ዩሮዎች ስለሆኑ ምንም አልቀረባት። እውነተኛ ብርቅ ሳንቲም ቢሆን ግን ፍተጋው ፊቱ ላይ የፀጉር ያህል ቀጫጭን ጭረት ይተዋል። ሰብሳቢ መብራት ሥር አዘንብሎ ሲያየው ወዲያው ይለየዋል፤ ዋጋው ከዚያ በኋላ አይመለስም። ጠርዙን በሁለት ጣት ይዛችሁ እዩት፤ ፊቱን አትንኩት።